ወተት ለኬክ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምግብ ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ግን ወተት ያለበት ምግብ ስትጽፉ ሁሌ ኬክና ክሬም ነው፤ ያውም ፍሪጅ ላለው፣ መብራት ለማይጠፋበት፣ ደጋ ለሚኖር ሰው። እኔ የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። እዚህ ጠዋት ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ወተት ቶሎ ካልፈላ ከሰዓት ላይ ኮምጥጦ ይጠብቃል። የእኛ ጥያቄ ወተቱ ሳይበላሽ ምን እንሥራበት ነው።

ለምሳሌ ገንፎ። ከውሃው ግማሹን በወተት ተኩት፤ ልጆች ሳህኑን ጠርገው ነው የሚነሱት። አጥሚትም እንደዚያው፣ ግን ወተቱ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ሥር ይይዛል። ሩዝ በወተት፣ በሄልና በቀረፋ፣ ለቁርስም ለእራትም ይሆናል።

የሚያናድደኝ ሲፈላ የተቆራረጠ ወተት መደፋቱ ነው። በዚህ ኑሮ! ሽታው ካልተለወጠና ካልመረረ፣ ትንሽ ስለኮመጠጠ ብቻ ከሆነ፣ በደንብ አፍልታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ጨርቁ ላይ የቀረው አይብ ነው። እርግጥ የእናቶቻችን አይብ ቅቤው ከወጣ በኋላ ከአሬራ ነው የሚሠራው፤ ይሄኛው ቅባቱ አብሮት ስላለ እንዲያውም ይለሰልሳል። አጓቱንም አትድፉት፣ የዳቦ ሊጥ ይቦካበታል።

የግመል ወተትን ደግሞ ለምን እንደምትዘሉት አይገባኝም። ከላም ወተት ይልቅ ሳይኮመጥጥ ይቆያል፤ ለእንደኛ ዓይነት ቆላ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ለሻይ፣ ለገንፎ፣ ለሩዝ ይሆናል። በጭስ በታጠነ ዕቃ ከመጣ ጠረኑ አብሮት ይመጣል፤ ሻይ ላይ ደስ ይላል፣ ጣፋጭ ሩዝ ላይ ግን ሁሉም አይወደውም። አይብ ብቻ አትጠብቁበት፤ እንደ ላም ወተት ጠንክሮ አይረጋም፣ እርጎውም ቀጭን ነው። ሐረር ደግሞ ሆጃ አለ፤ የቡና ገለባ ፈልቶ ወተት ይጨመርበታል። እሱን እንኳ አንድ ቀን ጽፋችሁ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። መድኃኒት ነው እየተባለ ጥሬ ወተት ለሕፃን ሳይቀር ይሰጣል። የላምም ይሁን የግመል ወይም የፍየል፣ ይፍላ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ ትኩሳቱ እየሄደ እየተመለሰ፣ መገጣጠሚያ እያሳመመ ሰውን ለረጅም ጊዜ ያንገላታል።

ስለዚህ ፍሪጅ ለሌለው ቤት የሚሆን የወተት ምግብ ጻፉልን። ቀፊራ ያሉትን ወተት ሻጭ እናቶች ጠይቁ፤ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ