ካርቶኑን ለማንም አልሰጥም

ልጄ እንዴት ሰነበትሽ፣ እኛ ደህና ነን፣ እናትሽም ጉልበቷን ትንሽ ከማመሟ በቀር ደህና ነች። ባለፈው ስትደውይ "አባዬ አልጋዬ ስር ያለውን ካርቶን ለጎረቤት ልጆች ስጥልኝ፣ እኔ እኮ አሁን ትልቅ ሰው ነኝ" ስትይኝ እሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ አይደል፣ አልሰጠሁም። አልሰጥምም። ምክንያቱን በስልክ ብነግርሽ ከት ብለሽ ስለምትስቂ በቴሌግራም ጻፍኩልሽ፣ ረዘመ ብለሽ መሀል ላይ እንዳታቋርጪው።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ታውቂያለሽ ክረምት ሲገባ እንግዳ የለም፣ ጀልባዋ ታስራ ነው የምትውለው፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ሲናወጥ ደግሞ ዘጌ ውሰደኝ የሚል ቢመጣም እኔ አልደፍርም። ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ጣሪያው ያንጠባጥብ ጀመረና ካርቶኑ እንዳይበሰብስብሽ ብዬ ሳወጣው ከላይ ያለችውን ገለጥ አደረግኳት፣ አክስትሽ ከአሜሪካ ስትመጣ ካመጣችልሽ ከነዚያ እንደገና ከታተሙት የፋንታስቲክ ፎር (የአራቱ ኃያል ጀግኖች) ኮሚኮች አንዷን። አንድ ሁለት ገጽ አይቼ ልመልሳት ነበር። እናትሽ እራት ቀርቧል ስትለኝ መምሸቱንም አላወቅኩም።

ቁጥር 48 ነች፣ በፈረንጆች 1966 የወጣችው። ጋላክተስ የሚባል ዓለም የሚበላ ግዙፍ ፍጡር ወደ ምድር እየመጣ ነው፣ ከፊት ከፊቱ የሚበላውን የሚፈልግለት ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ ብር የመሰለ ሰው ነው፣ ጣውላ ላይ ቆሞ በሰማይ እየተንሳፈፈ ይመጣል። ሲልቨር ሰርፈር ይሉታል። እኔ ግን ሳየው ምን አልኩ መሰለሽ፣ ይሄማ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ከዘጌ የሚመጣ ሰውዬ ነው፣ መቅዘፊያውን ብቻ ረስቷል! በኋላ ስልኬ ላይ ስፈላልግ ሳገኘው ይሄ ሰውዬ ደራሲው ስታን ሊ ባሰበው ታሪክ ውስጥ አልነበረም ለካ፣ ሠዓሊው ጃክ ኪርቢ ነው እንዲህ ያለ ኃያል ያለ መልእክተኛ አይመጣም ብሎ ከራሱ የጨመረው፣ ስታን ሊ የተሳለው ወረቀት ሲደርሰው ይሄ ደግሞ ማነው አለ ይባላል። እንዲህ ያለ ሠዓሊ ነው የምወደው፣ ያልታዘዘውን የሚጨምር።

አሁን ስሚኝ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ፊት ቆሜ ለእንግዳ የማስረዳው ምንድነው? በላዔ ሰብን አይደል? 78 ሰው የበላ፣ ኋላ ለምጻሙ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ያጠጣ፣ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን እመቤታችን ጥላዋን ጣል አድርጋባት ያቺ ጥርኝ ውሃ 78ቱን የመዘነች። ያኛው ሰው ይበላል፣ ይሄኛው ዓለም ይበላል፣ ልዩነቱ የሆድ ስፋት ነው። ታሪኩን ጨርቅ ላይ ስለው ግድግዳው ላይ የለጠፉት አባቶች ደግሞ ኮሚክ ሠሪ ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው፣ እዚህ ጋ ሲበላ፣ እዚያ ጋ ሲያጠጣ፣ እዚያ ጋ ሚዛኑ፣ አጠገቡ ጽሑፍ። ያ ለቱሪስት የሚሸጠው የንግሥተ ሳባና የሰለሞን ስዕልስ፣ 44 ክፍል፣ እያንዳንዱ ስር አማርኛ ተጽፎበት። ይሄን ሁሉ ዘመን ፓኔል፣ ማለት በክፍል በክፍል የተሳለ ታሪክ፣ እያስነበብኩ እንጀራ በልቼ ኮሚክ የልጅ ነገር ነው ስልሽ ኖርኩ።

አንድ ያልተስማማኝ ነገር ግን አለ። በኛ አሳሳል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፣ እንግዳው ማን ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይገባዋል። ኪርቢ ግን የፋንታስቲክ ፎርን ዋና ጠላት ዶክተር ዱምን ፊት ለፊት አቁሞ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከብረት ጭምብሉ ውስጥ ያሳይሻል! ሁለት ቀን ተናድጄበታለሁ፣ እናትሽ ትመስክር። በሦስተኛው ቀን ግን ዱም እኮ ራሱን ክፉ ነኝ አይልም፣ ንጉሥ ነኝ ነው የሚለው፣ ስለዚህ እንደ ንጉሥ መሳሉ ልክ ነው ብዬ ታረቅኩት። አንቺ ምን ትያለሽ?

ስለ ኪርቢ ያላነበብኩት የለም አሁን። በ1917 ኒውዮርክ፣ ከደሃ ስደተኛ ቤት ነው የተወለደው፣ አባቱ ልብስ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ካፒቴን አሜሪካን ከጆ ሳይመን ጋር ፈጥሮ ሽፋኑ ላይ ሂትለርን በቡጢ ሲያስነርተው አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ኋላ ራሱ ዘምቶ እግሩን ብርድ በላው፣ ተመልሶም ቁጭ ብሎ ሳለ። ፋንታስቲክ ፎርን ከ1961 ጀምሮ 102 ቁጥር ሳያቋርጥ። ያ ጥቁር ነጠብጣቡን አይተሽዋል አይደል፣ ኃይል ሲፈነዳ ዙሪያውን የሚረጨው፣ የጀልባዬ ሞተር ሲነሳ ከኋላ የሚፈላውን አረፋ ነው ቁርጥ። እርሳሱ የኪርቢ ይሁን እንጂ በነዚህ ቁጥሮች ላይ መስመሩን በጥቁር ቀለም ያጠራው ጆ ሲኖት ነው፣ የሱን እጅ አሁን ከሌላው መለየት ጀምሬያለሁ። ብላክ ፓንተርም በዚያው በ1966 ቁጥር 52 ላይ ነው የመጣው፣ ፊልሙን ያዩ ልጆች ትናንት የተፈጠረ ይመስላቸዋል።

ያናደደኝ የገንዘቡ ነገር ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለቱ ልጆች፣ ሲገልና ሹስተር፣ በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ነው የሸጡት። ኪርቢም በገዛ እጁ የሳላቸውን ወረቀቶች ለማስመለስ ሽማግሌ ሆኖ ሲከራከር ኖሮ ከብዙ ሺዎቹ ጥቂቱን ነው ያገኘው። እኛም ጋ እኮ ስዕሉ ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ያሠራው ሰው ነው፣ ስሙም ተጽፎለታል፣ የሳለው ግን በብዙ ቦታ ስም የለውም። እንግዳ "ማን ሳለው?" ሲለኝ ሁሌ አፍራለሁ።

ስለ ስዕል ካነሳሁ አይቀር፣ ዘጠነኛ ክፍል ሆነሽ ሒሳብ ደብተርሽ ጀርባ ላይ የሳልሻትን ባለ ክንፍ ሴት ቀድጄ ከሰል ማያያዣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጠፋ ብለሽ ስትፈልጊ ዝም ብዬ አየሁሽ። ክንፏ የፈላሚንጎ ነበር የሚመስለው፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ አሁንም ፊቴ ላይ አለች። በዚያው ሰሞን የእናትሽን ነጠላ ካባ አድርገሽ ግቢ ውስጥ ስትዘይ ስቄብሻለሁ፣ እንደ ጀግናው ለብሶ መጫወት ኮስፕሌይ እንደሚባል ማን ነግሮኝ። (ነጠላው አልለቀቀም፣ የቀባሽው ሰማያዊ አሁንም አለ፣ እናትሽ በየበዓሉ ታነሳብኛለች።)

ካርቶኑ ስር ጀምበርንም አገኘሁ፣ ያ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲፈልግ ኃይል ያገኘውን የአዲስ አበባ ልጅ፣ የኢታን ኮሚክስን። በአማርኛው ነው ያነበብኩት። ሱፐርሂሮ በራሴ ቋንቋ ሲናገር ምን እንደተሰማኝ አልነግርሽም፣ ብቻ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ እናትሽ ከማን ጋር ነው የምታወራው ብላ ገባች።

እሽ አሁን ዋናው ነገር። ካርቶኑ ውስጥ 48 አለች፣ 49 አለች፣ 50 የለችም! አሊሺያ፣ ያቺ ዓይነ ስውሯ ቀራፂ፣ ሲልቨር ሰርፈርን አናግራው ልቡ ራርቶ ጌታውን ሊቃወም ይነሳል፣ እዚያ ላይ ቆመ። በላዔ ሰብን ጥርኝ ውሃ አዳነችው፣ ጋላክተስን ማን ምን ያጠጣዋል እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ስልክ ላይ ልፈልገው እችል ነበር ግን አልፈለግኩም፣ አንቺም እንዳትነግሪኝ፣ ስትደውይም በአነጋገርሽ እንዳታሳብቂ። ለጥምቀት ስትመጪ 50ን ይዘሽ ነይ፣ ከጓደኞችሽም ቢሆን ተዋሺ፣ አክስትሽንም ጠይቂ። እስክትመጪ ካርቶኑ እኔ አልጋ ስር ነው፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ።

አባትሽ