ከዝርፊያ ዜናው የጎደለው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ዝርፊያ ተባባሰ» የሚል ዜና ባወጣችሁ ሰሞን እኛ ብሎክ ውስጥ ብረት በያጅ ሥራ አያጣም። በሩ ላይ ሌላ የብረት በር፣ መስኮቱ ላይ ፍርግርግ። ሰው ከመሬት ተነሥቶ ነው የሚፈራው አልልም። በሞተር ሳይክል እየመጡ ስልክና ቦርሳ መንጠቅ ብሶ፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተሮችን እስከ ማገድ ደርሶ ነበር። ግን ፍርሃቱ ሁሌ በሌባው ቁጥር ልክ አይደለም፤ ዘገባችሁም ሁለቱን ሲለይ አላየሁም።

የኮንዶሚኒየም ኑሮን ተመልከቱ። ያገናኘን ዕጣ ነው። ድሮ ሰፈር ሳለን ሌባ አልነበረም ለማለት አልደፍርም፤ ነበረ፣ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ተልኮ ዕቃው የሚመለስበት ጊዜም ነበር። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ያለው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል፤ የጋራ ስለሆነ የሚቀይረው ጠፋ። በቀደም አንድ ወጣት እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ስልክ ሲነካካ ያየች ጎረቤቴ ደንግጣ ወደ ታች ተመለሰች። ልጁ ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ ነው የሚኖረው፤ ቤት ውስጥ ኔትወርክ እምቢ ብሎት ነው የወጣው። ሰላም ተባብለው አያውቁም።

እኛ ወንዶች ይህን «ሴት ፈሪ ናት» ብለን እናልፈዋለን። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ መንገድ ላይ በብዛት የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ሲሆኑ አብልጠው የሚፈሩት ሴቶችና አረጋውያን ናቸው። ሞኝነት አይደለም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከታክሲ የወረደች ሴት የምትሰጋው ለቦርሳዋ ብቻ አይደለም፤ ተገፍትረው የወደቁ አዛውንትም ዳሌያቸው ከተሰበረ መነሣታቸው ያጠራጥራል።

በአሜሪካዋ ኒውዋርክ ከተማ እ.አ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ፖሊሶች ከመኪና ወርደው በእግር እንዲዘዋወሩ ተደርጎ ውጤቱ ተጠንቶ ነበር። ወንጀሉ አልቀነሰም፤ የነዋሪው ፍርሃት ግን ቀነሰ። ራስን ማታለል ነው የሚል አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም፤ ሰው ሳይፈራ ሲወጣ መንገዱም ሰው ይኖረዋል።

እናም «ዝርፊያ ተባባሰ» ስትሉ ከመቼ ጋር አነጻጽራችሁ እንደሆነ ጻፉ። የት ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ ተጠርጣሪው ተያዘ ወይስ አልተያዘ? ቴሌግራም ላይ የዓምናው ቪዲዮ ቀኑ ሳይነገር እንደ አዲስ ይዞራል፤ እናንተም ቀኑን ካልጻፋችሁ በምን ትለያላችሁ? የተያዘ ካለም የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ተከታትላችሁ ንገሩን፤ እስካሁን የምንሰማው የተነጠቀውን ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከየካ አባዶ