አሮጌው ጊዮርጊስ ሰኔ ሳይደርስበት

ለደብራችን ልጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም ላላችሁ፤ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረሳችሁ።

ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ገብቼ ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ከሚወስደው መንገድ ወርጄ ቁልቁለቱን በእግር ስይዘው መጀመሪያ የታየኝ የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነው። ብዙዎቻችሁ ያዋጣችሁበት ነውና እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አምሯል። አሮጌው ጊዮርጊስ ግን ከጽዱና ከወይራው ጀርባ ተደብቋል። ታቦቱ ወደ አዲሱ ከገባ ወዲህ ተዘግቶ ነው የሚውለው። በማግስቱ ዕቃ ቤቱን ለምኜ አስከፈትሁት።

ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ቆሜ ቀና ስል ሰማይ አየሁ። በሰሜን በኩል ቆርቆሮው ዝጎ ተገልብጧል፤ ዝናቡ በዚያ ገብቶ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ሥዕሎቹ በሸማ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። ሸማው ውኃ ሲያገኘው ከላይ ጀምሮ ከጭቃው ይላቀቅና በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይታጠፋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ ፈረስ እስከ አንገቱ ተሸፍኗል። ብሩታዊት ዛፏ ላይ እንደወጣች አለች። የኔታ ክፉዎቹ በአንድ ዓይን፣ ደጋጎቹ በሁለት ዓይን እንደሚሣሉ በዚያ ግድግዳ ላይ እያሳዩ ነበር ያስተማሩን፤ አሁን ከደጋጎቹ የብዙዎቹ ፊት ረግፏል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሩ የተደፋው ሰው ነው። ሥዕሉን ያሠራው እርሱ ነው። ስሙ ተጽፎበት የነበረው ቦታ ዛሬ ባዶ ጭቃ ነው።

በምሥራቅ በኩል ያለውን የውጭ ግድግዳ በቅን ልብ በሲሚንቶ የለሰኑ ሰዎች ነበሩ። ግድግዳው ግን ድንጋይና ጭቃ ነው። ጭቃ የጠጣውን እርጥበት መልሶ ይተፋል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። ያ ወገን ዛሬ ሆዱ ተነፍቷል። ስለዚህ አደራችሁን፣ ሲሚንቶም የዘይት ቀለምም ገዝታችሁ እንዳትልኩ።

ሰበካ ጉባኤውና ሽማግሌዎቹ የተስማሙት ጣሪያውን እንደ ጥንቱ በሣር ለመክደን ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ላቡንም ሥዕሉ ላይ ያንጠባጥባል። ሣር ክዳንን የድህነት ምልክት የሚያደርግ አይጠፋም፤ የጎንደሯን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ከተረፉት አንዷ ናት። የመላእክት ፊት የተደረደረበት ጣሪያዋም ክዳኑ ሣር ነው።

ዘመዶቻችን ሰንበሌጡን አጭደው፣ ተሸክመው፣ ደቦ ወጥተው ሊሠሩ ቃል ገብተዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ገንዘብ ነው፤ የበሰበሱትን ወራጆችና ማገሮች ለመተካት፣ ለክዳን ባለሙያዎቹ ለመክፈል፣ ከዚያም ሥዕሎቹን የሚያክም የሠለጠነ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ለማስመጣት። እንጨቱ ከውጭ ይገዛል፣ ከደብሩ ደን አንድ ዛፍ አይቆረጥም። ቅርስ መጠገን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማመልከቻው በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ገብቷል። ፈቃዱ ሳይመጣ አንድ ሚስማር አይነቀልም። የመጣ ዕለት ግን ሥራው መጀመር አለበት፣ ሰኔ ቀጠሮ አይሰጥምና።

በግለሰብ እጅ ምንም አትስጡ። በደብሩ ሰበካ ጉባኤ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ አስገቡ፣ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። ገቢና ወጪው ሚያዝያ 23 ቀን፣ በበዓሉ ዕለት፣ በሕዝብ ፊት ይነበባል። ባሕር ማዶ ያላችሁ በጽዋ ማኅበራችሁ አንሡት። የአንድ ወራጅ ዋጋ ለአንድ ሰው ቢከብድ ለአምስት አይከብድም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌው ጊዮርጊስ ተክሊል የደፋችሁ፣ ልጅ ክርስትና ያስነሣችሁ፣ የድሮ ፎቶግራፋችሁን ፈልጉ። ከኋላችሁ ግድግዳው የሚታይ ከሆነ ቅጂውን ለሰበካ ጉባኤው ላኩ፤ የረገፈው ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ለባለሙያዎቹ የሚነግራቸው እርሱ ነው። የዚያ የተደፋው ሰውዬ ስም ከአንዳችሁ ትከሻ በላይ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል።