ሒሳቡን አትዝለሉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኮድ ፈቺዎችና ስለ ሒሳብ የተጻፉ ረጃጅም ልብ ወለዶችን ስታስተዋውቁ «ቀመር ያለበትን ገጽ መዝለል ይቻላል» የሚል ምክር ባትሰጡ እንወዳለን። የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚያው ገጽ ላይ ነው። አንባቢን የሚያሰለቸው ምሳሌው ሁሉ በ26 የላቲን ፊደላት መሠራቱ ይመስለናል፤ በራሳችን ገበታ ከተሠራ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት ከነእርባታቸው 231 ናቸው። ሀን 0፣ ፖን 230 ብላችሁ ቁጠሩ፤ ቡ 64፣ ና 94 ይሆናል። ከጅማ ወደ አጋሮ «ቡና» ብሎ በምስጢር የሚልክ ሰው ቁልፉ፣ ማለትም እሱና ተቀባዩ ብቻ የሚያውቁት በየፊደሉ ላይ የሚደመር ቁጥር፣ 200 እና 150 ቢሆን፣ ደምሮ 264 እና 244 ያገኛል። ገበታው 230 ላይ ስለሚያበቃ ከእያንዳንዱ 231 ሲቀነስ 33 እና 13 ይቀራል፤ በገበታው «ሥሎ» ማለት ነው። ተቀባዩ ቁልፉን ይቀንሳል፤ ከዜሮ በታች ከወረደ 231 ይጨምራል። እንደ ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት ገበታው ላይ ስለሌሉ «ጉዋ» ተብለው እንዲጻፉ አስቀድሞ መስማማት ያሻል። ቨን የሚጨምር ካለም ድምሩ 238 ይሆናልና ሁለቱም ወገን በዚያው ይሥሩ፤ አለዚያ መልእክቱ ይበላሻል።

ቁልፍ ከጭንቅላት አይፈጠርም፤ ሰው በዘፈቀደ ቁጥር ሲጽፍ አንዱን ሁለቴ ማከታተል ይሸሻል። ከ0 እስከ 230 የተጻፈባቸው 231 ብጣሽ ወረቀቶች ከረጢት ውስጥ ይግቡ፤ አንዱ ወጥቶ ይመዝገብ፣ ተመልሶ ይወዝወዝ፣ እንደገና ይውጣ። 0 ሲወጣ ፊደሉ እንዳለ ስለሚቀር ብዙዎች መጣል ይዳዳቸዋል። በፍጹም! ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጠቀሙበትን የምስጢር መጻፊያ መሣሪያ፣ ኤኒግማን፣ ካጋለጡት ድክመቶች አንዱ ፊደልን በራሱ አለመተካቱ ነበር፤ ፈቺዎቹ የገመቱትን ቃል ከምስጢሩ ጽሑፍ ሥር እያንሸራተቱ፣ አንድ ፊደል እንኳ ከተገጣጠመ ያን ቦታ ይሰርዙ ነበር።

ከሁሉ የከፋው አንድን ቁልፍ ሁለቴ መጠቀም ነው። ሁለቱ ምስጢሮች ሲቀናነሱ ቁልፉ ይጠፋል፤ የሚቀረው የመልእክቶቹ ልዩነት ብቻ ነው። ፈቺው በአንደኛው መጨረሻ «ነው»ን ይሞክራል፤ በሌላኛው ትርጉም ያለው ነገር ብቅ ካለ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1942 ሶቪየቶች የቁልፍ ገጾችን ደግመው በማተማቸው፣ አሜሪካውያን ቬኖና በተባለው ምስጢር የመፍታት ሥራ ከመልእክቶቻቸው ከፊሉን ማንበብ ችለዋል።

እንዲህ ያለ ድርሰት የሚተረጉሙ ሰዎችም ምሳሌዎቹን በፊደላችን ዳግም ቢሠሯቸው ደስ ይለናል። የፊደል ድግግሞሽ የሚቆጠርበት ቦታ ላይ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ በአንድ ላይ ይቆጠሩ፤ ሰ እና ሠም እንደዚሁ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ ስለሚያፈራርቃቸው፣ ለየብቻ ከተቆጠሩ ቆጠራው ይዛባል።

ሒሳብ የምናስተምር አንባቢዎቻችሁ
ከጅማ