የቅዳሜው ክርክር አላለቀም

ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? "የዘንድሮ ዘፋኝ ያለ ኦቶቱን አፉን አይከፍትም" ብሎ ማኪያቶ ያስደፋን ወንድማችን ይህችን ይስማ። (ኦቶቱን ማለት የዘፋኝን ድምፅ የሚያስተካክለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።) ትናንት ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት ተገትሬ ስልኬን ስጎረጉር ጉድ አገኘሁ። ኦቶቱንን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ሰውየው ከዚያ በፊት ምን ይሠራ ነበር መሰላችሁ? ወደ መሬት ተልኮ የሚመለሰውን የድምፅ ሞገድ በኮምፒውተር እየተነተነ ነዳጅ ማፈላለግ! ያንኑ ዕውቀት ነው አምጥቶ ከኖታ የወጣን ድምፅ ወደ ቦታው ለመጎተት ያዋለው።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከፊቴ የቆመው ሚኒባስ ደግሞ ሮቦት የሚመስል ዘፈን ለቆ ሰፈሩን ያናውጣል። ለረዳቱ ታሪኩን ብነግረው፣ "ታዲያ ምናለ ዘፈኑን ትቶ ነዳጁን ቢፈልግልን?" አይለኝም! እውነቱን ነው ባይ ነኝ።

ቅዳሜ 10 ሰዓት እዚያው ነን። "ከማሲንቆ ወዲያ ሙዚቃ የለም" የምትለው ሰውዬ፣ የስልክህን ጥሪ ሁላችንም ሰምተነዋል፣ ያውም ለቅሶ ቤት። ሂሳቡ ያንተ ነው።