ለአባባ፣ ስለ መጋዘኑ ቁልፍ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣

ሐናን ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ትምህርት ቤት ስለ አያቶቻችሁ ሥዕል ሳሉ ቢሏቸው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሥላ፣ "የአያቴ መጋዘን" ብላ ጻፈችበት። ሳቅሁ። ቃሉ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ትናንት እማዬ ደወለች። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ፣ ለሳንባዎ የታዘዘልዎትን ክኒን፣ ፕሬድኒሶሎኑን፣ ካቆሙ አሥር ቀን እንደሆነዎት ነገረችኝ። "ተሽሎኛል፣ ደግሞም ፊቴን አሳበጠው" አሉ አሉ። አባባ፣ ይህ እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲሻል የሚተዉት አይደለም። ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ይህን የመሰለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ሊያቆም ይችላል፤ በድንገት ሲቋረጥ ድካም ይጥላል፣ የደም ግፊትም ሊያወርድ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ እየተባለ ነው። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ስኳርዎንም ያስለኩ፣ መድኃኒቱ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ከዚህ የባሰውን የነገረችኝ ልትዘጋ ስትል ነው። "ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለው ቡና፣ መግባት ጀምሯል፤ መጋዘኑን ጠዋት ጠዋት ራሱ ይከፍታል።"

አክታዎ ውስጥ ምንም ሳይገኝ ስድስት ወር ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ዋጡ፤ እኔም ቲቢ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ነሐሴ ላይ እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ሲቀመጡ ሳልዎ ተወዎት፣ ደረጃውን ከሐናን ጋር እየተሽቀዳደሙ ወጡ። ጅማ ተመልሰው ጠዋት መጋዘን በከፈቱበት ቀን ማታ ብርድ ብርድ አለዎት፣ ትኩሳቱ መጣ። ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን አይቶ፣ "የሚሠሩበት ቤት ምን ምን ይሸታል?" ሲል "ቡና" ብለው ዝም አሉ። ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ የገባውን ጀንፈል፣ ሻጋታውን፣ ጣሪያው ሥር የሰፈሩትን እርግቦች የተናገርሁት እኔ ነኝ። የቤት ገመና እንዳወጣሁ ሁሉ አዩኝ።

የሻጋታው ብናኝ ይሁን የእርግቦቹ፣ ሐኪሙ ቁርጡን አልነገረንም። ሁለቱም ያሉት ግን አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ተላላፊ አይደለም፤ ሳንባዎ ያንን ብናኝ እንደ ጠላት ቆጥሮ ራሱን ነው የሚያቆስለው። ክኒኑ ቁጣውን ያበርዳል፤ ብናኙ በየጠዋቱ ከገባ ግን ምን ያደርጋል? ጠባሳ የሆነው አይመለስም። ጠባሳው እንዳይሰፋ የሚያዘገይ መድኃኒት አለ፣ ዋጋው አይቀመስም፤ እሱም የሆነውን አይፍቅም። የአፍ መሸፈኛውንማ አገጭዎ ላይ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ምሳ ይዤልዎት ስመጣ ደጃፉ ላይ አስቆሙኝ። "ሴት ልጅ መጋዘን ምን ትሠራለች?" አሉ፣ ጆንያ በሚያወርዱት ሰዎች ሁሉ ፊት። ሰዒድ ግን በአሥራ አምስት ዓመቱ ቁልፍ ተሰጠው። እማዬ "ብናኙ እንዳይጎዳሽ ፈርቶ ነው" ትላለች። ታዲያ ሰዒድ ሳንባ የለውም? ሰዒድ ቁልፉን ጥሎ ጂዳ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው። እኔ ይኸው ባንክ ቁጭ ብዬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ።

ያ መጋዘን እንዳስተማረን አልክድም። ስለዚህም ይሸጥ አላልሁም፤ ይከራይ። ተከራይ እኔ እፈልጋለሁ፣ ውሉንም እኔ እጽፋለሁ። በዱቤ የሰጡትንም መዝገቡን ካሳዩኝ እሰበስባለሁ። ሌሊት እየነቃሁ የኦክስጅን ሲሊንደር ዋጋ ስጠይቅ እንዳልኖር ብዬ ነው።

መጋዘን የሚለብሱትን ጋቢ መኝታ ቤት አያስገቡት። እማዬም አታራግፈው፤ ውኃ ውስጥ ትንከረው።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ቤት ሳልገባ ወደ እርስዎ ነው የምመጣው። እንደ ድሮው ደጃፉ ላይ እቆማለሁ፣ አልገባም። ቁልፉን ይዘው ይውጡልኝ።

ልጅዎ