መጀመሪያ ያላችሁበትን ተናገሪ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለምወድሽ እህቴ ለሰላማዊት፣

እንዴት ነሽልኝ? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ግን የእማዬ ግፊት ሌሊት ተነስቶ «ለማን እንደምንደውል ጠፋን» ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እዚህ አሜሪካ ለድንገተኛ እርዳታ 911 ሲደወል ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው አድራሻ ነው። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንደሚመጡ ያውቃሉ። እንግሊዝኛ የማይችሉ የኛ ሰዎችም «አማርኛ» ካሉ አስተርጓሚ ይገናኛቸዋል።

እናንተ ጋ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳት አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991 ነው። በትልቁ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ አድራሻው ነው። አዲስ አበባ በቤት ቁጥር ሰው አይገኝም፤ «ጀሞ ኮንዶሚኒየም» ብቻ ብትዪም ሹፌሩ ሲዞር ያድራል። «ጀሞ ሁለት፣ ከታክሲ ማዞሪያው ወደ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ባለው በር» ብለሽ ብሎኩንና ፎቁን ጨምሪ። ከዚያ ስልክሽን፣ ከዚያ የሆነውን፦ «እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ግፊት አለባት፣ ከሃያ ደቂቃ በፊት አፏ ተጣመመ፣ ቀኝ እጇ አልነሳ አላት፣ ትተነፍሳለች፣ ትሰማኛለች።»

የጀመራትን ሰዓት አደራ እንዳትረሺ። የረጋ ደም የአንጎሏን ደም ስር ዘግቶ ስትሮክ አምጥቶባት ከሆነ፣ ደሙን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ሐኪሞቹ አጥብቀው የሚጠይቁሽም ሰዓቱን ነው። ሐኪም እስኪያያት ምንም በአፏ አይግባ፣ አስፕሪንም ቢሆን። መዋጥ ካቃታት ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። አክስቴ ጠበል ላጠጣት ካለች ግንባሯን ታብሳት።

በስልኩ የሚያናግረው አንድ ሰው ይሁን፣ አንቺ። የሚያለቅስ ሰው ካለ ወደ ሌላ ክፍል ይግባ፤ ጥያቄው አይሰማሽም። ዝጊ ሳይሉሽ ስልኩን አትዝጊ። አቤል የስልኩን መብራት አብርቶ አስፋልቱ ዳር ወርዶ ይጠብቅ። አምቡላንሱ በቅርብ የለም ካሉሽ ጊዜ ሳታጠፊ መኪና ያለውን ጎረቤት ቀስቅሺ፤ ስልክ ቁጥሩን ዛሬውኑ ተቀበዪና እዚያው ወረቀት ላይ ጻፊው።

ወረቀቱን ስትጨርሺ ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው ስጪውና ቤቱን ፈልጎ ያግኝ። ከጠፋበት አስተካክዪው፤ ከዚያ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ። እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ዳዊት